የአቾሊ ሕዝብ፣ የሃያ ዓመቱ ጦርነትና መፈናቀሉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሰሜን ኡጋንዳው ጦርነት አንባቢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቾሊዎች እነማን ናቸው?

አቾሊዎች በሰሜን ኡጋንዳ በጉሉ፣ በኪትጉም፣ በፓደር፣ በአሙሩ፣ በንዎያ፣ በአጋጎ፣ በላምዎና በኦሞሮ አውራጃዎች የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። በ2014 የሕዝብ ቆጠራ ቁጥራቸው 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከድንበሩ ማዶ፣ በደቡብ ሱዳን ማግዊ አካባቢም ወገኖቻቸው አሉ። ቋንቋቸው ከሉዎ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ጋምቤላ ውስጥ የሚነገረው የአኝዋ ቋንቋም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚመስለውን ያህል ሩቅ አይደለም።

ከጦርነቱ በፊት አቾሊው ዳጉሳ፣ ማሽላና ሰሊጥ የሚያመርት፣ ከብት የሚያረባ ገበሬ ነበር። ጎጆዎቹ እርስ በርስ ተራርቀው፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ በእርሻው መካከል ነበር የሚቀመጠው። መሬቱ የጎሳው ነው፤ ወረቀት የለውም፤ ድንበሩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው። ይህን አሰፋፈር አንባቢ ልብ ቢለው ጥሩ ነው፤ በኋላ የመጣው ጥፋት ትልቅነት የሚታየው ከዚህ አንጻር ነው።

ጦርነቱ ከመቼ እስከ መቼ ነበር?

በኡጋንዳ ምድር ላይ ከኦገስት 1986 እስከ 2006። ከዚያ ወዲህ ኡጋንዳ ውስጥ ውጊያ የለም፤ በጆሴፍ ኮኒ የሚመራው ዓማፂ ቡድን ግን ወደ ኮንጎ፣ ወደ ደቡብ ሱዳንና ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ተሻግሮ የሌላውን አገር ገበሬ መግደሉን ቀጠለ።

ለምን ተነሣ?

ሥሩ ካምፓላ ላይ ሥልጣን በጠመንጃ ሲቀያየር በኖረበት ታሪክ ውስጥ ነው። እንግሊዞች በቅኝ ግዛት ዘመን ወታደር የሚመለምሉት በብዛት ከሰሜን ነበርና መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ቀድሞ የሚጠረጠረው መለዮ ለባሹ አቾሊ ሆነ። ኢዲ አሚን በ1971 ሥልጣን እንደያዘ በጂንጃና በምባራራ የጦር ሰፈሮች የአቾሊና የላንጎ ወታደሮችን በጅምላ አስጨረሰ። በ1977 የተገደሉት የኡጋንዳ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉዉምም የዚሁ ሕዝብ ልጅ ነበሩ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የሚልተን ኦቦቴ ሠራዊት ሉዌሮ በተባለው ማዕከላዊ አካባቢ የዩዌሪ ሙሴቬኒን ሽምቅ ተዋጊዎች ሲያሳድድ በሰላማዊው ሰው ላይ ከባድ ግፍ ፈጸመ። ሠራዊቱ ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች የተውጣጣ ቢሆንም ዕዳው የተጻፈው በአቾሊ ስም ነው። በ1985 ሁለት የአቾሊ የጦር አዛዦች፣ ቲቶ ኦኬሎና ባዚሊዮ ኦላራ ኦኬሎ፣ ኦቦቴን ገለበጡ፤ በዓመቱ መጨረሻ ናይሮቢ ላይ ከሙሴቬኒ ጋር የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 1986፣ ሙሴቬኒ ካምፓላን ያዙ።

የተሸነፈው ሠራዊት ወደ ትውልድ ቀዬው ሸሸ። አዲሱ ጦር ሰሜን ሲደርስ የቀድሞ ወታደሮች መሣሪያቸውን እንዲያስረክቡ አዘዘ፤ የአሚንን ዘመን ያልረሱት ትእዛዙን የሞት ጥሪ አድርገው ሰሙት። ድል አድራጊዎቹ ደግሞ ፍርሃቱን የሚያረጋግጥ ሥራ ሠሩ፦ ዘረፉ፣ አሰሩ፣ ናሞኮራ ላይ ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። በኦገስት 1986 ከሱዳን በኩል የመጀመሪያው ጥቃት ተከፈተ። ይህን የመጀመሪያውን ዓመፅ የመሩት የቀድሞ መኮንኖች በጁን 1988 ጉሉ ውስጥ ፔቼ በተባለው ስፍራ ሰላም ፈርመዋል። ጦርነቱ እዚያ ላይ ማብቃት ይችል ነበር።

አሊስ ላክዌና ማን ናት?

መንፈስ ያናግረኛል የምትል አሊስ አውማ የተባለች ወጣት ሴት ናት፤ ላክዌና የመንፈሱ ስም ነው። በ1986 «የመንፈስ ቅዱስ» ጦር አቋቁማ ሽንፈት ያዋረዳቸውን ወታደሮችና ገበሬዎች በዙሪያዋ ሰበሰበች። ተዋጊዎቿ ጥይት እንዳይመታቸው የሺኣ ዛፍ ዘይት ይቀባሉ፤ ከዛፍ ወይም ከኩይሳ ጀርባ መከለል ተከልክሎባቸዋል፤ መዝሙር እየዘመሩ ቆመው ይገሰግሳሉ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ቀልድ ያወሩታል። ቀልድ አልነበረም፤ ይህ ጦር ካምፓላ ለመድረስ ጥቂት እስኪቀረው፣ እስከ ጂንጃ አቅራቢያ ዘልቋል። እዚያ በ1987 መጨረሻ ተደመሰሰ። አሊስ ወደ ኬንያ ሸሽታ በ2007 በስደተኞች መጠለያ አረፈች።

ጆሴፍ ኮኒ የተነሣው ከዚሁ ፍርስራሽ ነው። የኦዴክ ተወላጅ ሲሆን እሱም መንፈስ አለብኝ ባይ ነው፤ ቡድኑ በኋላ የጌታ ተከላካይ ጦር፣ በምኅጻሩ ኤል.አር.ኤ. ተባለ።

ኮኒ የሚዋጋው ለአቾሊ ከሆነ ለምን አቾሊዎችን ገደለ?

ሕዝቡ ስላልተከተለው። በፔቼ ስምምነት ብዙዎቹ የቀድሞ ወታደሮች ጦርነቱን ትተዋል፣ ገበሬውም ደክሞታል። በ1991 መንግሥት «ዘመቻ ሰሜን» የተባለውን ከባድ የጦር ዘመቻ ሲያካሂድ መንደርተኛውን ጦርና ቀስት አስይዞ የአካባቢ ጠባቂ ቡድን አደራጀ። ኮኒ የጠመንጃ ጦር ይዞ ቀስት በያዘ ገበሬ ላይ ዘመተ፤ ከንፈር፣ ጆሮና አፍንጫ መቁረጥ የተስፋፋው በዚያ ወቅት ነው። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ከመንግሥት ጋር የተናገረ አፉ፣ የሰማ ጆሮው ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ሕዝቡን «ማንጻት» አለብኝ የሚል ስብከት ጨመረበት። በኤፕሪል 1995 አቲያክ በተባለች ከተማ ከ200 በላይ ሰዎች ወንዝ ዳር ተሰልፈው ተረሸኑ። ጥቃቱን የመራው ቪንሰንት ኦቲ የዚያችው አካባቢ ተወላጅ ነበር።

እንግዲህ የአቾሊው ገበሬ በሁለት ወገን ተያዘ። ዓማፂው የመንግሥት ሰላይ ነህ ይለዋል፤ ወታደሩ የዓማፂ ዘመድ ነህ ይለዋል። ሁለቱም በእሱ ስም ይናገራሉ።

ሱዳን በዚህ ውስጥ ምን አገባት?

ኡጋንዳ የደቡብ ሱዳንን ዓማፅያን ትረዳ ስለነበር ካርቱም ከ1994 ገደማ ጀምሮ በአጸፋው ለኮኒ መሣሪያ፣ ስንቅና መሸሸጊያ ሰጠች። ጊዜውም አሳዛኝ ነበር። ጉዳዩን የያዙት አቾሊዋ ሚኒስትር ቤቲ ቢጎምቤ ጫካ ድረስ ገብተው ከኮኒ ጋር ፊት ለፊት ተነጋግረው፣ ስምምነት ሊደረስ የተቃረበ በሚመስልበት ሰዓት ነው ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ በፌብሩዋሪ 1994 የሰባት ቀን የእጅ ስጡ ቀጠሮ ያወጁት። ንግግሩ ፈረሰ፤ ኮኒም የካርቱምን እጅ ያዘ።

ከብቶቹ ምን ሆኑ?

ስለ አቾሊ የሚጽፉ የውጭ ሰዎች ይህን ጥያቄ እምብዛም አያነሡትም፤ አቾሊዎች ራሳቸው ግን ብዙ ጊዜ ታሪኩን ከዚህ ይጀምራሉ። ከ1986 እስከ 1988 ባሉት ዓመታት ከምሥራቅ የመጡ የካራሞጃ ታጣቂዎች የአቾሊን ከብት ነድተው ጨረሱት ማለት ይቻላል። አዲሱ የመንግሥት ጦር የአቾሊን የአካባቢ ሚሊሺያ ትጥቅ ስላስፈታ የሚከላከል አልነበረም። ብዙ አቾሊዎች ወታደሮቹ አይተው እንዳላዩ ብቻ ሳይሆን ራሳቸውም ከብቱን እንደነዱ ይናገራሉ።

ከብት በአቾሊ ዘንድ የሚታለብ ሀብት ብቻ አይደለም። በበሬ ይታረሳል፤ ጥሎሽ በከብት ይከፈላል፤ የትምህርት ቤት ክፍያ በጥጃ ሽያጭ ይሸፈናል፤ የደም ካሣም በከብት ነው። በረቱ ሲራቆት ወጣቱ ማግባት አቃተው፤ ገበሬው ወደ መቆፈሪያ ተመለሰ። ከአሥር ዓመት በኋላ ካምፕ ሲገባ ምንም መቋቋሚያ ያልነበረው ለዚህ ነው። የጦርነት ተጎጂዎች ማኅበራት መንግሥትን ስለ ከብት ካሣ ዛሬም ይጠይቃሉ።

ሕዝቡ ከቀዬው የተፈናቀለው ዓማፂውን ሸሽቶ ነው ወይስ በመንግሥት ትእዛዝ?

በሁለቱም፤ ግን እኩል አይደለም። ከ1996 በፊትም ጥቃት የሸሸ ሰው ወደ ከተሞችና ወደ ጦር ሰፈሮች ጥግ ይሄድ ነበር። ሲረጋጋ ይመለሳል። ከ1996 መጨረሻ ጀምሮ ግን መንግሥት በጉሉ አካባቢ ያለው ገበሬ ወደ «ጥበቃ የሚደረግላቸው መንደሮች» እንዲገባ አዘዘ። በብዙ ቦታ የተሰጠው ጊዜ የቀናት ነበር፤ ያልወጣ እንደ ዓማፂ ይቆጠራል ተባለ፤ መንደሮች በከባድ መሣሪያ እንደተመቱ፣ ጎጆና ጎተራ እንደተቃጠለ ከካምፕ የወጡ ሰዎች መስክረዋል። በኦክቶበር 2002 ሠራዊቱ በሬዲዮ ሳይቀር ደግሞ የ48 ሰዓት ቀነ ገደብ ሰጠ።

የመንግሥት ምክንያት ሁለት ነው፦ ሕዝቡን ከጥቃት መጠበቅና ዓማፂውን ከምግብና ከመረጃ መነጠል። ሁለተኛው ወታደራዊ ስሌት ስለሆነ ተፈጸመ። የመጀመሪያው ቃል ኪዳን ነበር፤ እሱ አልተፈጸመም። በብዙ ካምፖች የጦር ሰፈሩ የተተከለው በካምፑ መካከል ነበር፤ ዙሪያውን የከበቡት የሲቪሎቹ ጎጆዎች ናቸው። ማን ማንን እንደሚጠብቅ ከዚህ አሰፋፈር መገመት አያዳግትም።

ቁጥሩ ያደገው በአንድ ጊዜ አይደለም። ትልቁ ዝላይ የመጣው በማርች 2002 የኡጋንዳ ሠራዊት «የብረት ጡጫ» ብሎ በሰየመው ዘመቻ ሱዳን ገብቶ የኮኒን ሰፈሮች ሲመታ ነው። ዓማፂው አልተደመሰሰም፤ ወደ ኡጋንዳ ተመልሶ ገባ፤ ጦርነቱንም ወደ አጎራባቾቹ የላንጎና የቴሶ አካባቢዎች አሰፋው። በ2005 በመላው ሰሜን የተፈናቀለው ሕዝብ 1.8 ሚሊዮን ደረሰ። ከአቾሊ ሕዝብ ከአሥሩ ዘጠኙ ካምፕ ውስጥ ነበር።

ካምፖቹ ውስጥ ኑሮ ምን ይመስል ነበር?

ትልቁ ካምፕ ፓቦ ከ60,000 በላይ ሰው ይዞ ነበር። ቀድሞ አንዱ ከሌላው ርቆ ይኖር የነበረ ሕዝብ የሣር ክዳን ከሣር ክዳን በሚነካካበት ቦታ ታጨቀ። አንድ ጎጆ ሲቃጠል ረድፉ ሁሉ ይነድዳል። ውኃ ለመቅዳት ሴቶች ለሰዓታት ይሰለፋሉ። ወደ እርሻ መውጣት የሚቻለው ወታደሮች በፈቀዱት ሰዓትና ርቀት ብቻ ነው፤ ከዚያ አልፎ የተገኘ በወታደር ሊደበደብ፣ በዓማፂ ሊታፈን ይችላል። ለም መሬት እያየ ያደረው ገበሬ የዓለም ምግብ ፕሮግራምን በቆሎና ዘይት ጠባቂ ሆነ። ወንዶቹ ሥራ ፈትተው መጠጥ ላይ ወደቁ፤ ሽማግሌዎች ማታ እሳት ዙሪያ ልጆችን የሚመክሩበት ልማድ በሰዓት እላፊው ምክንያት ቀረ። አንድ ሙሉ ትውልድ ማረስ ሳይማር አደገ።

ጥይት ከገደለው ይልቅ ካምፕ የገደለው ይበልጣል። በ2005 የኡጋንዳ ጤና ሚኒስቴርና የዓለም ጤና ድርጅት በአካባቢው ባደረጉት ጥናት በሳምንት 1,000 ገደማ ሰው በሰላም ጊዜ ከሚጠበቀው በላይ ይሞት ነበር። ቀዳሚዎቹ ምክንያቶች ወባና ኤድስ ነበሩ፤ ግድያ የመጣው ከእነሱ በኋላ ነው። በ2000 ጉሉ ላይ የገባው ኢቦላም 224 ሰዎችን ገድሏል፤ ከእነሱ መካከል የላቾር ሆስፒታሉ ሐኪም ማቲው ሉክዊያ ይገኙበታል። በኖቬምበር 2003 አካባቢውን የጎበኙት የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ኃላፊ ያን ኤግላንድ በዓለም ላይ ካሉት የተረሱ ቀውሶች ትልቁ ይህ ነው አሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ የቆየ ነገር ነበር ያገኙት።

ማታ ማታ ወደ ከተማ ይሄዱ የነበሩት ልጆችስ?

ከ2002 በኋላ ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ልጆች ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው፣ ታናናሾቻቸውን አዝለው ከመንደርና ከካምፕ ወደ ጉሉና ወደ ኪትጉም ከተማ ይጓዙ ነበር፤ ዓማፂው የሚያፍነው ሌሊት ስለሆነ። በበረታበት ጊዜ ቁጥራቸው በአንድ ሌሊት 40,000 ገደማ ደርሷል። የሚያድሩት በሆስፒታል ግቢ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በአውቶቡስ መናኸሪያና በሱቅ በረንዳ ነው። ጠዋት ተመልሰው ትምህርት ቤት ይገባሉ። በ2003 የጉሉው ሊቀ ጳጳስ ጆን ባፕቲስት ኦዳማና ሌሎች የሃይማኖት አባቶች ከልጆቹ ጋር አራት ሌሊት ውጭ አደሩ። ኦዳማ ይመሩት የነበረው የካቶሊክ፣ የአንግሊካን፣ የኦርቶዶክስና የእስልምና አባቶች የሰላም ኅብረት በዚያ ዘመን ከሁለቱም ታጣቂ ወገኖች ያልወገነ ብቸኛው የአደባባይ ድምፅ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ስንት ልጆች ታፈኑ?

ዩኒሴፍ ይጠቅሰው የነበረው ቁጥር ከ25,000 በላይ ነው። አንዳንዱ ለቀናት ዕቃ ተሸክሞ ተለቀቀ፤ አንዳንዱ አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት ጫካ ቀረ። ወንዶቹ መሣሪያ እንዲይዙ፣ ብዙ ጊዜም ወደ ቤት የመመለስ ተስፋቸው እንዲቆረጥ የራሳቸውን ጎረቤት ወይም ዘመድ እንዲገድሉ ይገደዱ ነበር። ልጃገረዶቹ ለአዛዦች «ሚስት» ተብለው ይታደላሉ።

ዓለም የሰማው የአቦኬን ጉዳይ ነው። በኦክቶበር 1996 በላንጎ ከሚገኘው የቅድስት ማርያም ኮሌጅ 139 ልጃገረዶች ሲወሰዱ ምክትል ርዕሰ መምህርቷ፣ ጣሊያናዊቷ መነኩሲት ራኬሌ ፋሴራ፣ ዓማፅያኑን ተከትለው ጫካ ገብተው 109ኙን አስለቀቁ። ሠላሳው ቀሩ። የገበሬ ልጆች በሺህ ሲወሰዱ ግን ዝም ነበር፤ የአቦኬ ወላጆችም ቢሆኑ ይህን አልደበቁም፤ ማኅበራቸው የሁሉም ልጆች ወላጅ ሆኖ ነው የተሟገተው።

አቾሊዎች ለምን ምሕረት ጠየቁ? ገዳዮቻቸውን እንዴት ይቅር ይላሉ?

ጥያቄው የሚነሣው «ገዳዮቹ» ሌላ ሕዝብ ናቸው ብሎ ከማሰብ ነው። ጫካ ያለው ታጣቂ አብዛኛው ታፍኖ የተወሰደ የዚያው መንደር ልጅ ነበር። እናት ልጇ በሄሊኮፕተር ሲመታ ደስ ሊላት አይችልም። ስለዚህ የሃይማኖት አባቶችና ሽማግሌዎች ግፊት አድርገው በ2000 የምሕረት ሕግ ወጣ። በሕጉ ከ26,000 በላይ ሰዎች ምሕረት አግኝተዋል፤ ግማሽ ያህሉ ከኤል.አር.ኤ. የመጡ ናቸው። ተመላሹ የምስክር ወረቀት፣ 263,000 የኡጋንዳ ሽልንግ፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ መቆፈሪያና ዘር ይሰጠው ነበር። ዕርዳታው ከተጎጂው ይልቅ ለአድራሹ ሆነ ብለው ያጉረመረሙም ብዙ ናቸው፤ ቅሬታቸው ተገቢ ነው።

ከሕጉ ጎን ባህላዊው ሥርዓት አለ። ተመላሹ በጎሳው ደጃፍ እንቁላል ረግጦ ይገባል። ነፍስ የጠፋበት ጉዳይ ሲሆን ግን ማቶ ኦፑት የሚባለው ነው፦ የገዳይና የሟች ጎሳዎች ይደራደራሉ፣ ጥፋተኛው ያምናል፣ ካሣ ይከፈላል፣ በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች ከኦፑት ዛፍ ሥር የተዘጋጀውን መራራ መጠጥ ከአንድ ቅል ይጠጣሉ። በእኛ አገር ጉማን የሚያውቅ ሰው አካሄዱ ይገባዋል። ችግሩ ሥርዓቱ የተሠራው አንድ ሰው አንድ ሰው ለገደለበት መሆኑ ነው። የገደለውን የማያውቅ፣ የሟቹም ቤተሰብ ማን እንደገደለው የማያውቅ ከሆነ ድርድሩ ከማን ጋር ይደረጋል? ላንጎና ቴሶም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ በአቾሊ ወግ ሊዳኙ አይገደዱም።

ኮኒ ለምን አልተያዘም?

በጁላይ 2006 ጁባ ላይ በሪክ ማቻር ሸምጋይነት ንግግር ተጀመረ፤ በኦገስት ተኩስ ቆመ። ካምፖቹ መራገፍ የጀመሩት ያኔ ነው። ኮኒ ግን ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ያወጣበት የእስር ማዘዣ ካልተነሣ አልፈርምም ብሎ በ2008 ሁለት ጊዜ ከፊርማው ቦታ ቀረ። ምክትሉን ቪንሰንት ኦቲን በ2007 አስገድሎታል። በዲሴምበር 2008 የኡጋንዳ አየር ኃይል በኮንጎ ጋራምባ ጫካ ያለውን ሰፈሩን ቢደበድብም ኮኒ አልነበረም፤ በበቀሉ በዚያው የገና ሰሞን ከ800 በላይ ኮንጎዎች ተጨፈጨፉ። ከ2011 ጀምሮ የአሜሪካ ወታደሮች ፍለጋውን ረዱ፤ በ2017 እነሱም የኡጋንዳ ሠራዊትም ለቀቁ። በሴፕቴምበር 2025 ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ክሱን በሌለበት ሰማ፤ በኖቬምበር 39ኙንም ክሶች አጸደቀ። ዋናው ችሎት ግን ካልተያዘ አይጀመርም።

ዶሚኒክ ኦንግዌን ተጎጂ ነው ወይስ ወንጀለኛ?

ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም ተቀብሎ የፈረደው በሁለተኛው ነው። ኦንግዌን ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሳለ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ታፈነ፤ አድጎ የብርጌድ አዛዥ ሆነ። በ2015 እጁን ሰጠ። በፌብሩዋሪ 2021 በፓጁሌ፣ በኦዴክ፣ በሉኮዲና በአቦክ ካምፖች ላይ በተፈጸሙ ጥቃቶችና በሴቶች ላይ በፈጸማቸው ወንጀሎች በ61 ክሶች ጥፋተኛ ተባለ፤ 25 ዓመት ተፈረደበት። ዳኞቹ የልጅነቱን መታፈን ቅጣቱን ለማቅለል ተጠቅመውበታል፤ ከኃላፊነት ግን አላዳነውም።

አቾሊዎች በዚህ ፍርድ ላይ አንድ አይደሉም። ሉኮዲ ላይ ቤተሰቡን ያጣ ሰው 25 ዓመት አነሰ ይላል። ልጁ ታፍኖ ያልተመለሰበት አባት ደግሞ ኦንግዌን ውስጥ የራሱን ልጅ ያያል። ለእኔ ከባዱ ነገር ሌላ ነው፦ ከእሱ በላይ የነበሩ አንዳንድ አዛዦች በምሕረቱ ገብተው ጉሉ ውስጥ በሰላም ይኖራሉ። ቶማስ ክዎዬሎ ደግሞ በ12 ዓመቱ ታፍኖ፣ በ2009 ተይዞ፣ ምሕረት ጠይቆ ተከልክሎ፣ በ2024 በኡጋንዳ ፍርድ ቤት 40 ዓመት ተፈረደበት። ማን ተከሰሰ፣ ማን ታለፈ የሚለው በወንጀሉ ክብደት ብቻ አልተወሰነም።

የመንግሥት ወታደሮችስ ተጠየቁ?

በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት አንድም አልተከሰሰም። ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤቱ የመራው የኡጋንዳ መንግሥት ራሱ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ በጃንዋሪ 2004 ጉዳዩን ያስታወቁት ለንደን ላይ ከሙሴቬኒ ጎን ቆመው ነበር። ያን ዕለት ብዙ አቾሊ በፍርድ ቤቱ ገለልተኛነት ላይ እምነቱን አጣ። ከዚህም ሌላ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ያለው ከጁላይ 2002 ወዲህ በተፈጸሙ ወንጀሎች ላይ ብቻ ነው። የናሞኮራ ግድያ፣ የ1991 ዘመቻ፣ የ1996 የካምፕ ትእዛዝ ከበሩ ውጭ ቀርተዋል።

ዘር ማጥፋት ነበር ማለት ይቻላል?

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናትና የጦርነት ጉዳይ ልዩ ተወካይ የነበሩት ኦላራ ኦቱኑ፣ ራሳቸው አቾሊ፣ ካምፖቹን በዚህ ስም ጠርተዋቸዋል። በሕግ ቃሉ ሕዝቡን የማጥፋት ሐሳብ መኖሩን ማረጋገጥ ይጠይቃል፤ ይህ በየትኛውም ችሎት ቀርቦ አልተመዘነም። እኔ የምለው ከዚያ ያነሰ፣ ግን ለመካድ የሚያስቸግር ነው፦ መንግሥት አንድን ሕዝብ በኃይል ከእርሻው አንሥቶ፣ ጥበቃም ውኃም ሳያዘጋጅለት ለአሥር ዓመት አስቀመጠው፤ እየሞተ መሆኑም ይታወቅ ነበር። ይህን ለመናገር ትልቁን ቃል መበደር አያስፈልግም።

ተፈናቃዮቹ ወደ ቀያቸው ተመለሱ?

አብዛኞቹ ከ2006 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ተመልሰዋል። የጠበቃቸው ግን አሥር ዓመት ያህል ያልታረሰ ጫካና የጠፋ ድንበር ነው። ድንበሩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ካምፕ ውስጥ አርጅተው ሞተዋል፤ ምልክት የነበረው ዛፍ ተቆርጧል። ወንድም ከወንድም፣ መበለት ከባሏ ጎሳ ጋር በመሬት መካሰስ ተለመደ። ከሁሉ የከፋው ዕጣ ጫካ የተወለዱ ልጆች ነው፦ አቾሊ መሬት የሚያገኘው በአባቱ ጎሳ በኩል ሲሆን፣ እነሱ አባታቸው አይታወቅም ወይም ስሙ አይጠራም። የእናታቸው ወንድሞችም ርስት ሊያካፍሏቸው አይወዱም።

በዚያ ላይ የመንግሥትና የባለሀብት ፍላጎት መጣ። በአሙሩ ለስኳር ልማት የታሰበ መሬት ሊለካ ሲመጣ በ2012 አሮጊቶች ልብሳቸውን አውልቀው ቆሙ፤ በአቾሊ ዘንድ የእናት ዕርቃን ከባድ እርግማን ነው። አፓ ከተባለው አካባቢ የዱር እንስሳት ክልል ነው በሚል የተባረሩ ከ200 በላይ ሰዎች በ2018 ጉሉ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ገብተው ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠዋል።

በሌላ በኩል በኤፕሪል 2017 የደቡብ ሱዳን አቾሊዎች ፓጆክ ላይ ጥቃት ደርሶባቸው ድንበር ሲሻገሩ ላምዎ ውስጥ የፓላቤክ የስደተኞች ሰፈር ተከፈተላቸው። መሬቱን የሰጡት ከአሥር ዓመት በፊት ራሳቸው ካምፕ የነበሩ ጎሳዎች ናቸው።

ካሣ ለማን ይደርሳል?

በኦንግዌን ጉዳይ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2024 የ52.4 ሚሊዮን ዩሮ ካሣ ወስኗል። ወደ 50,000 የሚጠጉ ተጎጂዎች ለየራሳቸው 750 ዩሮ፣ በተጨማሪም የጋራ የሕክምናና የማገገሚያ አገልግሎት እንዲያገኙ ነው። ኦንግዌን ገንዘብ ስለሌለው ክፍያው በፍርድ ቤቱ የተጎጂዎች ፈንድ ላይ ወድቋል፤ ፈንዱ ደግሞ በአገሮች ልግስና የሚሞላ ነው።

ልብ መባል ያለበት ተጠቃሚዎቹ በፍርዱ ውስጥ የተጠቀሱት አራት ካምፖች ሰዎች፣ የቡድኑ የሕፃናት ወታደሮችና በሴቶች ላይ የተፈጸሙት ወንጀሎች ተጎጂዎች መሆናቸው ነው። የአቲያክ መበለት በዚህ ውስጥ የለችም። በክዎዬሎ ጉዳይ የኡጋንዳ ፍርድ ቤት በ2024 መጨረሻ ለተጎጂዎቹ መንግሥት ካሣ እንዲከፍል ወስኗል፤ ምክንያቱም ዜጎቹን መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነበር በሚል ነው። በካምፕ ውስጥ በወባና በኮሌራ ለሞቱት ግን እስካሁን የትኛውም ችሎት ካሣ አልቆረጠም።